ለሐይቁም ለዓባይም የሚሆን ዘንግ

ባለፈው ሰሞን የእኅቴ ልጅ የመንጠቆ ዘንግ ልትገዛ አስባ ስልኳን ይዛ መጣችብኝ። «አክስቴ፣ ይቺኛዋ ለተኛ ውኃ ናት ይላል፣ ይቺኛዋ ለወንዝ። ይቺ ደግሞ ለሁለቱም ትሆናለች ይላል። እውነት ነው ወይስ ለመሸጥ ነው?» አለችኝ። የማነበውን መጽሐፍ ዘጋሁ። ይህ ጥያቄ ቤታችን ውስጥ ሲነሳ የመጀመሪያው አልነበረም። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ እያለሁ ተነሥቶ፣ እኔ ትምህርት ቤት መግባት አለመግባቴ በመልሱ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር።

አያ እንድሪስ የእናቴ ታላቅ ወንድም ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሁሉ ልብስ ሰፊ ሆነው ኖረው፣ ዓይናቸው ደክሞ መርፌ ላይ ክር መሰካት ሲያቅታቸው የስፌት መኪናቸውን ለሌላ ሰው ለቀው እኛ ቤት ገቡ፤ ዓሣ ማጥመድም ያዙ። መንገዱን ያያሉ፣ ሰው ይለያሉ። ፀሐይ ውኃው ላይ ስታርፍ ግን ሁሉም ነገር ነጭ ይሆንባቸዋል። ክሩ ላይ የምትታሰረው፣ ከደንገል የተቆረጠች አውራ ጣት የምታህል ተንሳፋፊ ዓሣ ጎትቷት ስትሰምጥ «ሰመጠች!» የሚላቸው ሰው ያስፈልጋቸው ነበር። ያ ሰው እኔ ነበርሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት ከጎናቸው ተቀምጬ ያቺን ቁራጭ ደንገል ሳይ ኖርሁ። ጣና ከሰዓት በኋላ ነፋስ ስለሚያናውጠው ሥራችን የጠዋት ነበር፤ ትምህርት ቤቱም የጠዋት ነበር።

እናቴ ቅመም ትነግድ ስለነበር መጠቅለያ የሚሆን የአሮጌ ደብተር ወረቀት ከቤታችን አይጠፋም። የበርበሬና የኮረሪማ ሽታ ከጠገበው ከዚያ ወረቀት ላይ ፊደሉን ለይቻለሁ፤ ገጣጥሞ ማንበብ ግን አልሆነልኝም። እኩዮቼ ደብተራቸውን በፌስታል ይዘው በሐይቁ ዳር ሲያልፉ፣ «አንቺ ትል ቆፋሪ! ዛሬስ ዓሣው ሀ ሁ አስቆጠረሽ?» እያሉ ይስቁብኝ ነበር። አያ እንድሪስ ዘንጋቸውን እንደያዙ ናቸው። እኔም እሳቸው ያልሰሙ ይመስለኝ ነበር።

ሰምተው ኖሯል። አንድ ቀን ትልቅ አምባዛ ዘንጋቸውን ከወገቡ ሰብሮባቸው ተመለስን። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ትል የቆፈርሁበትን ጣቴን ስታጠብ፣ ለእናቴ ሲነግሯት ሰማሁ።

«የሚቀጥለው ዘንግ ለእጄ የሚናገር ይሆናል። እጄ ከሰማልኝ ልጅቱ መስከረም ላይ ትምህርት ቤት ትግባ።»

«ካልሰማስ፣ አያ?»

«ካልሰማማ ምን አደርጋለሁ፣ እንደ ልማዷ ከጎኔ ትቀመጣለች» አሉ። ድምፃቸው ሲወርድ እስከ ዛሬ ይታወቀኛል።

መሸንቲ ገበያ ወረድን። ከአዊ በኩል የመጣ ቀርቀሃ ተቆልሎ፣ ያ እርጥብ ሣር የሚመስል ሽታው አየሩን ሞልቶታል። እኔ ሮጬ አንዱን መዘዝሁ፤ ቀጥ ያለ፣ ወፍራም፣ ቅቤ የተቀባ ይመስል የሚያብረቀርቅ። አያ እንድሪስ ዳሰስ አደረጉና «መልኩስ ደኅና፤ ቤት ሲሠራ ማገር ይሆናል» ብለው መለሱልኝ። ከዚያ ቁጭ ብለው፣ ልብስ ሊለኩ የመጡ ይመስል፣ የሚፈልጉትን ነገሩኝ። ለሐይቁ ብቻ ቢሆን አጭርና ቀጭን ይበቃል። ውኃው ተኝቷል፤ ቀረሶ የሚባለው ዓሣም ሲነካ በስሱ ስለሆነ የዘንጉ ጫፍ ለስላሳ መሆን አለበት። እኛ ግን ዓባይም እናጠምዳለን፤ ዓባይ ሌላ ነው። ክሩ ውኃው ላይ ከተኛ ጅረቱ እየጎተተ ተንሳፋፊዋን ከመንገዷ ያስወጣታል፤ ስለዚህ ክሩን ከውኃው በላይ አንጠልጥሎ የሚይዝ ርዝመት ያስፈልጋል። ወገቡ ደግሞ ጠንካራ መሆን አለበት፤ ዓሣው ጅረቱን ይዞ ሲወርድ እንቢ የሚል። በጣም ከረዘመ ግን ክንድ ያዝላል። «ጫፉ እንደ ሐር፣ ወገቡ እንደ ጥብቆ ስፌት» አሉኝ። ሁለት ዘንግ ለምን አንይዝም ብዬ ብጠይቃቸው፣ «አንዱን ቋንቋ ሳልለምድ ሁለተኛውን?» አሉ።

ከዚያ ፈተናው መጣ። ንዝረቱ እንዲሰማቸው የዘንጉን ወፍራም ጫፍ አገጫቸው አጥንት ላይ ያደርጉና ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። እኔ በወዲያኛው በኩል ሆኜ ቀጭኑን ጫፍ በጥፍሬ እጭራለሁ፤ ስንት ጊዜ እንደሆነ መናገር ክልክል ነው። ሦስት እጭራለሁ፣ «አንድ» ይላሉ። ወደ ጎን ያስቀምጡታል። አምስት እጭራለሁ፣ «ሁለት» ይላሉ። ሻጩ ትዕግሥቱ አልቆ፣ «አባባ፣ የሚገዙ ቀርቀሃ ነው ወይስ ክራር?» አላቸው፤ ገበያተኛው ሳቀ።

«ክራርን ማንም ይሰማዋል፣ ልጄ። እኔ ለእኔ ብቻ የሚናገር ነው የምፈልግ።»

ከክምሩ ሥር አንድ ወጣ። መሐሉ ላይ ትንሽ ጎበጥ ያለ፣ አንድ ጎኑ የጠቆረ። አራት ጫርሁ። «አራት» አሉ። ሁለት ጫርሁ፤ «ሁለት»። ሳልጭር ቆየሁ። «ምነው ደከመሽ?» አሉኝ። እኔ ግን አፈርሁበት። «ጎባጣ ነው እኮ» አልሁ። «እኔም ጎባጣ ነኝ፤ ተግባብተናል።»

በጥላ አደረቁት፤ ክር ይቀቡበት ከነበረው ሰምም ቀቡት። ሐይቁ ላይ በሞከርነው ጠዋት ትንፍሽ እንዳልል ተነገረኝ። ተንሳፋፊዋ ነቅነቅ አለች፣ ሰመጠች፤ ወዲያው ሳብ አደረጉ፤ የመዳፍ ስፋት ያለው ቀረሶ ተንጠልጥሎ ወጣ። ዘልዬ ተነሣሁ። አያ እንድሪስ ግን ዓሣውን ከመንጠቆው አላቀቁና ቀስ ብለው ወደ ውኃው መለሱት።

«ይህን የያዝሽው አንቺ ነሽ። ትንፋሽሽ ሲቆረጥ ሰማሁ» አሉኝ።

በዚያን ቀን እንደዚያ የጠላሁት ሰው አልነበረም። ትንፋሼ እንዳይሰማ የሻሼን ጫፍ በጥርሴ ነክሼ ተቀመጥሁ። ከዚያ በኋላ አራት ዓሣ አወጡ፤ አንዱም የእኔ አልነበረም።

ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ስንሞክረው ግን ነገሩ ተበላሸ። ጅረቱ ክሩን እየመታ ዘንጉን ያለማቋረጥ ያንቀጠቅጠዋል፤ የዓሣው ነገር ከውኃው ነገር ጋር ተደባለቀባቸው። ሦስት ጊዜ በባዶ ሳቡ። እኔ ደግሞ ተንሳፋፊዋ ሁለት ጊዜ ስትሰምጥ አየሁ፤ እሳቸው ሳይስቡ ዓሣው ትሉን በልቶ ሄደ። ሻሼ በአፌ ውስጥ ረጥቧል። ብጮህ ዓሣው ይያዛል፣ ትምህርት ቤቱ ግን ይቀራል። ዝም ብል ደግሞ ባዷችንን ልንመለስ ነው። ያን ያህል ጮክ ብዬ ዝም ብዬ አላውቅም።

አያ እንድሪስ ቆም ብለው አሰቡ። አንድ እርምጃ ወደ ውኃው ገብተው ዘንጉን ከፍ አደረጉ፤ ክሩ በሙሉ ከውኃው ላይ ተነሥቶ ተንሳፋፊዋ ብቻ ቀረች። ከዚያ ልክ እንደ ገበያው ቀን የዘንጉን ጫፍ አገጫቸው ላይ አደረጉና ዓይናቸውን ጨፈኑ። በዳር የሚያልፉ ጎረምሶች፣ «ኧረ ሽማግሌው ዘንጉን ሊነፉት ነው!» ብለው ተሳሳቁ። እኔ ማየቱን አልቻልሁትም፤ ጀርባዬን ሰጥቼ ዓይኔን ወደ ዛፎቹ አደረግሁ። ቆየ። ከዚያ ውኃው ሲንቦጫረቅ ሰማሁና ዞርሁ። ዘንጉ ከጫፉ እስከ ወገቡ ተቆልምሞ፣ ወገቡ ላይ ሲደርስ ግን እንቢ ብሎ ቆሟል። ክንድ የሚያህል ቢልጫ ዓሣ እያንሸራተቱ ወደ ዳር አመጡ።

«አየሽ?» አሉኝ እያለከለኩ።

«አላየሁም። ጀርባዬን ሰጥቼ ነበር።»

«እንግዲያስ እኔ ነኝ የያዝሁት» አሉ፤ ሽማግሌ እንደዚያ ሲስቅ ከዚያ በፊት አላየሁም።

መስከረም ላይ ከእኔ በአምስት ዓመት ከሚያንሱ ልጆች ጋር ተቀመጥሁ፤ ጉልበቴ ከዴስኩ ሥር አይገባም ነበር። አያ እንድሪስ ከሐይቁ ሲመለሱ የዕለቱን ትምህርት ያስነብቡኛል። አንድ ቃል ዘልዬ እንደሆነ በድምፄ ያውቁብኝ ነበር። እስከ ዛሬ መጽሐፍ ስገዛ ሽፋኑን ትቼ መሐሉን ገልጬ አንድ ገጽ የማነበው ከዚያ ገበያ ይዤው የወጣሁት ልማድ ይመስለኛል።

አያ እንድሪስ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ ካለፉ ቆዩ። ትል የቆፈርንበት ዳር ድንጋይ ተነጥፎ መናፈሻ ሆኗል፤ አንዳንድ ዓመት እምቦጭ የተባለው አረምም ተንሳፋፊ የሚጥሉበት ቦታ አያስቀርም። የእኅቴ ልጅ ዘንግም መጣ፤ ጥቁር፣ እየተሳበ የሚረዝም፣ ላባ ያህል የቀለለ። ልፈትንላት ብዬ ጫፉን አገጬ ላይ አደረግሁና፣ «በጥፍርሽ ጫሪ፣ ስንት እንደሆነ አትንገሪኝ» አልኋት። እየሳቀች ጫረች። «አምስት» አልሁ። አምስት ነበር። የመጨረሻው ዳሰስ ብቻ ነበር ብላ ደነገጠች።

እውነቱን ልናገር፣ ከዚያ ጎባጣ ቀርቀሃ ይሻላል። እሳቸው ቢያገኙት ኖሮ እንደ ልጅ ይደሰቱ ነበር፤ እኔም በሁለት ዓመት ቀድሜ ትምህርት ቤት እገባ ነበር። ያንን ሁለት ዓመት ግን ከጎናቸው ማን ይቀመጥ ነበር?

ነገ ጠዋት ነፋሱ ሳይነሣ ከልጅቱ ጋር ወደ ሐይቁ እወርዳለሁ። ከጎኗ እቀመጣለሁ። ተንሳፋፊዋ ስትሰምጥ ግን አልነግራትም።