ገቢዎች በመስኮት ሲያይ
የእንጅባራ ፈረሰኞች በዓላቸውን ሊያከብሩ አስፋልቱን ሞልተው ቆመዋል። እኔም ከእማማ ጥሩዬ ጨርቅ መሸጫ ሱቅ በር ላይ ሆኜ አያለሁ። የእማማ ስልክ ጮኸ፤ እሳቸው ሁልጊዜ ድምፁን ከፍተው ነው የሚያወሩ።

«ከገቢዎች ነው! የግብር ቅጣትዎን አሁኑኑ በስልክ ካልላኩ ሱቅዎ ይታሸጋል!»

እኔ ደንግጬ «ኧረ ይላኩለት!» አልኳቸው። እሳቸው እቴ! ነጠላ ማጠፋቸውን እንኳ አላቆሙም። እንዲህ ያለ ርጋታ አይቼ አላውቅም።

«ከየት ነው የምትደውል፣ የኔ ልጅ?»

«እዚሁ እንጅባራ፣ ከቢሯችን ነዋ!»

ቢሮው እኮ ከሱቃቸው ፊት ለፊት ነው።

«እንግዲያው በመስኮት እይልኝ፤ መንገዱን ምን ሞላው?»

«ባጃጅ ነዋ፣ ሌላ ምን ይሞላዋል!»

እማማ ስልኩን ወደ ፈረሶቹ ዘረጉት። አንዱ ፈረስ አሽካካ።

«በል ባጃጅህን ዝም አሰኝልኝ!»