የእኔ በሽታ፣ የኢብራሂም ስም

ይህን ነገር ለሚስቴ አልነገርኳትም። ለልጆቼም አልነገርኳቸውም። የንስሐ አባቴ «ሌላስ?» ባሉኝ ቁጥር «ሌላ የለኝም፣ አባ» እላቸዋለሁ። ነበረኝ። ሁልጊዜም ነበረኝ። ዛሬ ለማታውቁኝ ለእናንተ የምናገረው ለሚያውቁኝ መናገር አቅቶኝ ነው።

ሰቆጣ አጠገብ ያለችው የዝቋላ ልጅ ነኝ። አፌን የፈታሁት በአገሬው ቋንቋ፣ በኽምጣንጋ ነው። ለትምህርት ሰቆጣ ስመጣ አማርኛዬ እየተሰባበረ ክፍሉ ሁሉ ይስቅብኝ ነበር። ያልሳቀብኝ ኢብራሂም ብቻ ነው። አባቱ ሞተው እናቱ እማማ ዘይነብ ጨርቅና ጨው የሚሸጥበትን ሱቅ ብቻቸውን ይዘው ነበር። እኔ ማደሪያ ማጣቴን ሲሰሙ «የሰው ልጅ ነው፤ እዚሁ ይደር» ብለው ከልጃቸው ጋር አንድ ክፍል ሰጡኝ። አራት ዓመት ኖርኩበት። እነሱ ሥጋ በሚበሉበት ቀን ለእኔ በሌላ ድስት ምስር ይሠሩልኝ ነበር። በጾሜ ቀን እንዳልጎመጅ ብለው ወተቱን ጓዳ ገብተው ይጠጡ ነበር። እኔ የከዳሁት እንዲህ ያለውን ቤት ነው።

ዘመኑ የደርግ ነው። ተማሪዎች ወደ ሶሻሊስት አገሮች ይላኩ ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስንጨርስ ከትምህርት ቤታችን እኔና ኢብራሂም ተመረጥን። ርእሰ መምህሩ ቢሯቸው ጠርተው ከዚያ አገር የመጣውን ቅጽ አነበቡልን።

«እዚያ እስካላችሁ ድረስ ብትታመሙ የሚያሳክማችሁ ተቀባዩ መንግሥት ነው» አሉን። ቀጠሉና «ከዚህ ይዛችሁት የሄዳችሁት በሽታ ግን በዋስትናው ውስጥ የለም። የተገኘበት ይመለሳል። የጤና ወረቀት ያላመጣ ደግሞ ቪዛ አያገኝም። በተለይ ሳንባችሁን ተመርመሩ» አሉ።

በተለይ ሳንባ። እኔ ካሳለኝ ሦስት ወር አልፎኝ ነበር። ጠዋት ስነሳ ሸሚዜ በላብ ርሶ አገኘዋለሁ። ሁለት ጊዜ በመሐረቤ ላይ ደም አይቻለሁ። ሁለቱንም ጊዜ ወንዝ ወርጄ ብቻዬን አጠብኩት። ኢብራሂም ሲጠይቀኝ «ብርድ ነው» አልኩት። አመነኝ፤ ማር ገዝቶ አመጣልኝ።

ከጤና ጣቢያው ለያንዳንዳችን አንድ ብልቃጥ ሰጡን። ስማችን በፕላስተር ላይ ተጽፎ ተለጥፎበታል። በማግስቱ፣ እህል ሳንቀምስ፣ አክታችንን ይዘን እንድንመጣ ታዘዝን። ማግስቱ የገበያ ቀን ነበር። ከሰሃላና ከዝቋላ የመጣው ሰው በማለዳ ሱቁ ደጃፍ ላይ ቆሟል። ኢብራሂም ብልቃጡን አቀበለኝና «አስፌ፣ እናቴ ብቻዋን አትችለውም። የእኔንም አንተው አድርስልኝ» አለኝ።

ወሰድኩት። ከጤና ጣቢያው በታች አንድ የቁልቋል አጥር ነበር። እዚያ ሥር ተቀመጥኩና ሁለቱን ብልቃጦች ጎን ለጎን አቆምኳቸው። ሰይጣን አሳሳተኝ ልበል? እጄ ቀደመኝ ልበል? ውሸት ነው። ፕላስተሩ እንዳይቀደድብኝ ጠርዙን በጥፍሬ እያነሳሁ በዝግታ ነው የላጥኩት። የተሳሳተ ሰው እንደዚያ አይጠነቀቅም። የእኔን ስም በእሱ ብልቃጥ ላይ ለጠፍኩ። የእሱን ስም በእኔ ላይ ለጠፍኩ። በአውራ ጣቴ ጫን ጫን አደረግኩትና ተነሥቼ ሄድኩ።

የእኔን ደፍቼ ከእሱ ግማሹን ብገለብጥ ኖሮ ሁለታችንም እናልፍ አልነበረም? ይህ አልታየኝም ብዬ ልጽፍ ነበር። ታይቶኝ ነበር። ግን ብልቃጡ አንዴ የእኔን ስለያዘ ያጋልጠኛል ብዬ ፈራሁ። እኔ ከምፈራ እሱ ይቅር አልኩ። ነገሩ ይኸው ነው።

ውጤቱ በደረሰ ቀን አብረን ሄድን። የጤና ረዳቱ ማኅተም ያለበትን ወረቀት ለእኔ ሰጡኝና ወደ ኢብራሂም ዞሩ።

«አንተ ቆይ። የሳንባ ነቀርሳ ተገኝቶብሃል።»

«እኔ? እኔ እኮ አያስለኝም» አለ።

«የማያስለው ሁሉ ጤነኛ አይደለም፣ ልጄ።»

ወደ ቤት ተመለስን። በሩ ላይ ስንደርስ ቆመና «አስፌ፣ የምንተኛው አንድ ክፍል ነው። አስይዤህ ይሆን?» አለኝ። ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። «አይዞህ» አልኩት። በዚያው ቀን ለእኔ ብሎ መኝታውን ወደ ዕቃ ቤት አወጣ። እማማ ዘይነብ ብርጭቆውንና ሳህኑን ለዩ። የእኔን አልለዩም። የእኔን ብርጭቆ አንስተው ውሃ ሲጠጡ አይቻለሁ። አይቼ ዝም ብያለሁ።

ሄድኩ። በደረስኩ በሳምንቱ ራጅ አነሱኝና በሽታው ተገኘ። በአስተርጓሚ «ልትመልሱኝ ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። ሐኪሟ በጥያቄዬ ተገርማ «እዚህ ከደረስክ የእኛ ታካሚ ነህ» አለችኝ። ጓደኛዬን የሸጥኩበት ያ የቅጹ ቃል ማንም ሳያነሳብኝ ቀረ። ስምንት ወር በንጹሕ አልጋ ተኝቼ፣ ኪኒን እየዋጥኩ ዳንኩ።

እዚያው አልጋ ላይ እያለሁ የኢብራሂም ደብዳቤ ይመጣልኝ ነበር። በየቀኑ መርፌ እንደሚወጋ፣ ጆሮው እየጮኸ እንዳስቸገረው ይጽፍልኛል። አንድ ቀን «አክታዬ ነጻ ሆኗል አሉኝ፤ መድኃኒቱ ሠራ» ብሎ ጻፈ። ያልነበረበት በሽታ ለቀቀው! እኔም ወረቀት አውጥቼ «እንኳን ደስ ያለህ» ብዬ መለስኩለት። ይህን በእጄ ጻፍኩ። ቀጥሎ በመጣው ደብዳቤ እናቱ እያሳላቸው መሆኑን ነገረኝ። ከዚያ በኋላ ደብዳቤ አልመጣም።

ከስድስት ዓመት በኋላ ተመልሼ፣ በወታደር በታጀበ መኪና ሰቆጣ ገባሁ። ኢብራሂም ከሱቁ ውስጥ ጀርባውን ሰጥቶ ጨርቅ ያጣጥፋል። ጠራሁት። አልዞረም። ደግሜ ጠራሁት። አንዲት ገበያተኛ ክንዱን ነካ አድርጋ አሳየችው። ሲያየኝ ባንኮኒውን ዘሎ አቀፈኝ።

«ጆሮዬን መርፌው ወሰደው!» አለኝ እየጮኸ፤ የማይሰማ ሰው ድምፁን አይለካም። «ስታወራኝ አፍህን አሳየኝ!»

እማማ ዘይነብን በዓይኔ ፈለግኳቸው። ገባው። በዚያው ከፍ ባለ ድምፁ፣ ገበያተኛው ሁሉ እየሰማ፣ «እናቴን የገደልኳት እኔ ነኝ። ከእኔ ነው የያዛት። አገሩ ሁሉ ያውቃል» አለኝ።

ተናገርኩ። በእርግጥ ተናገርኩ። «በሽታው የእኔ ነው። ስሙን የቀየርኩት እኔ ነኝ» አልኩ። ግን ፊቴን ወደ መደርደሪያው አዙሬ፣ ገበያተኛውም እንዳይሰማ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነው ያልኩት። አፌን እንዳያይ። ቃሉ ከአፌ ወጣ እንድል፣ እሱ ዘንድ ግን እንዳይደርስ። ይህን ምን ትሉታላችሁ? የመጀመሪያውን በደል የሠራሁት በፍርሃት ነው። ይህን ግን የሠራሁት ምንም የሚያስፈራኝ ሳይኖር፣ ጤነኛና የተማረ ሰው ሆኜ ነው።

ትከሻዬን ይዞ ወደ ራሱ አዞረኝ። «ምን አልክ?»

አፌን እያሳየሁ፣ ቃሉን እየለየሁ «አላህ ያጽናህ» አልኩት። አመሰገነኝ። እህል አቀረበልኝ፤ በላሁ።

ዛሬም በሕይወት እንዳለ ሰምቻለሁ። ሱቁን ትቶ መጽሐፍ ሲያነብ ይውላል አሉኝ። ስለዚህ ጻፍኩት። ኢብራሂም፣ ነቀርሳ አንድም ቀን በሳንባህ አልነበረም። ያ ሁሉ መርፌ የእኔ ነበር። ይቅር በለኝ አልልህም፤ ይቅርታ ለመጠየቅ ፊት ለፊትህ ቆሜ ነበር፣ አልጠየቅኩህም። አንድ ነገር ብቻ እወቅልኝ፤ ለልጆችህም፣ ለሰፈሩም ንገራቸው። እናትህን አንተ አልገደልካቸውም። እኔ ነኝ።