የደረት ራጅ የለበሰው ኮምፒውተር

ሲጨንቀኝ እስቃለሁ። ይህ አመሌ ስንት ቦታ እንዳዋረደኝ እኔ ነኝ የማውቀው። ሞጣ ላይ ግን ክሶኛል።

ቢቸና የጽሕፈት ማሠልጠኛ ውስጥ በነበረችው አንዲት ኮምፒውተር ሦስት ወር ተማርኩና ሞጣ አንድ ቢሮ ለጸሐፊነት ልፈተን ሄድኩ። ከወደቅኩ አክስቴ ሱቅ ጨው ስመዝን መኖሬ ነው። በአይሱዙ ጋቢና አራት ሆነን ተጣብበን ስንጓዝ ይኸው ብቻ ነበር የሚታየኝ።

በር ላይ ጫማ አውልቂ ተባልኩ። ያን ጊዜ ኮምፒውተር ያለበት ክፍል በጫማ አይገባም። የግራ ካልሲዬ ደግሞ ተቀዷል፤ አውራ ጣቴ ወጥቶ ያያል። በቀኝ እግሬ ሸፍኜው ቆምኩ፣ ሳቄም ከወዲሁ ይተናነቀኝ ጀመር።

ፈታኙ የቢሮው ኃላፊ ራሳቸው ነበሩ። ከሥልጠና ያመጡትን ደብተር ገለጡና፣ ለፊደል ቀለም የሚሰጠው፣ ድራይቨር የሚባለው ፕሮግራም መጫን አለመጫኑን አረጋግጪ አሉኝ። ደስታዬን አልችል አልኩ። ቢቸና እያለሁ ስጫወትበት የከረምኩት ነገር ነው፤ አንዲት አጭር ትእዛዝ ትጻፋለች፣ ድራይቨሩ ካለ የቀድሞው ጽሑፍ ይጠፋና ፊደሉ ቀይ ሆኖ ይመጣል፣ ከሌለ ቅንፍና ቁጥር ይደረደራል።

ጻፍኩ። ቀይም አልሆነ፣ ቅንፍም አልመጣ። ስክሪኑ ጭልም አለ።

"ገደልሽው?" አሉ ኃላፊው ቀስ ብለው።

ሳቄ አመለጠኝ። የአክስቴ ሚዛን ፊቴ ላይ ድቅን ሲል ጭራሽ ባሰብኝና ሆዴን ይዤ ጎንበስ አልኩ። ጎንበስ ስል ከስክሪኑ ታችኛው ጠርዝ ቀይ ነገር ብልጭ አለ። ቀና ብዬ ሳስተውል ስክሪኑ ላይ በፕላስተር የተለጠፈ ጥቁር ፕላስቲክ አለ፤ መሐሉ ላይ ጎድን አጥንት ተደርድሯል።

ራጅ ነው። የፀሐይ ግርዶሽ ሲመጣ በራጅ አይደል የምናየው? ኃላፊውም ዓይናቸውን ከጨረር ሊያድኑ በገዛ ደረታቸው ራጅ ስክሪኑን ጋርደውታል። ነጩ ፊደል እንደምንም ያልፋል፣ ቀዩን ግን ደረታቸው ውጦታል።

"ጋሼ፣ ድራይቨሩ አለ" አልኳቸው እንባዬን እየጠረግኩ። "እርስዎ ነዎት የጋረዱት።"

ራጁን በጥንቃቄ ላጡት። ፊደሉ እንደተሰጣ በርበሬ ቀልቶ ወጣ። አንዴ ራጁን፣ አንዴ ስክሪኑን፣ አንዴ አውራ ጣቴን አዩና እሳቸውም በሳቅ ፈረሱ። ሲበርድላቸው ሰኞ ሥራ ግቢ አሉኝ።

ሰኞ አዲስ ካልሲ አድርጌ ገባሁ። ራጁ ተመልሶ ተለጥፏል። ሁለት ዓመት ሙሉ በአለቃዬ ጎድን አጥንቶች መሐል አጮልቄ ጻፍኩ፤ በቀይ የምጽፈው እሳቸው ስብሰባ ሲሄዱ ብቻ ነበር።