ሁለት ጊዜ የሚረገጥ ፍሪሲዮን

ዛሬ ጠዋት ደሴ መናኸሪያ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ሁለተኛ ማርሽ ሲገባለት «ክርርር» ብሎ ጮኸ። ተሳፋሪው ፊቱን ሲያጨማድድ እኔ ብቻዬን ሳቅሁ። ሳዑዲ ያለችው የአቡ ዓሪሽ ከተማ ትዝ ብላኝ ነው።

በ2006 ዓ.ም. እዚያ የቤት ሠራተኛ ነበርኩ። የማዳም አማት፣ ሁላችንም ባባ የምንላቸው ሽማግሌ፣ በወጣትነታቸው ከጂዛን ወደብ ጭነት ሲያመላልሱባት የኖሩ አሮጌ የጭነት መኪና ነበረቻቸው። የዘመኑ መኪና ካምቢዮው ውስጥ የማርሾቹን ፍጥነት ቀድሞ የሚያስተካክል የነሐስ ቀለበት አለው፤ የእሷ ግን የለውም። ስለዚህ ማርሽ በተቀየረ ቁጥር ፍሪሲዮኑ ሁለት ጊዜ ይረገጣል።

የባባ ግራ እግር ሲደክም ልጃቸው፣ የማዳም ባል፣ ማርሹን ራሱ የሚቀይር አዲስ መኪና ገዛላቸውና «አሮጌዋ ኸላስ፣ ትሸጥ» አለ። ባባ አኮረፉ። ከቤቱ ጀርባ ያለውን የማንጎ እርሻቸውን እንኳ ማየት ተዉ። ምሳ ባቀርብላቸው ሳህኑን ገፋ አድርገው፣ «ያ ቢንቲ፣ ልጄ፣ የከዳኝ እግሬ ነው» አሉኝ።

«ታዲያ እኔ ልርገጥልዎታ!» አልኳቸው ለቀልድ።

እሳቸው ግን ቁልፉን አንሥተው ወጡ።

እርሻው ውስጥ መሪውን ለእኔ ሰጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። ናፍጣና የሞቀ አቧራ ይሸታል። የመጀመሪያው ቀን የማርሹ ጩኸት ወፎቹን ከማንጎው ላይ አስነሣቸው።

«ማሽላ ነው እንዴ የምትፈጪው?» ብለው ጮኹብኝ። ከዚያ ረጋ አሉና፣ «ሞተሩን ስሚው። ጥርሶቹ እኩል ካልሮጡ አይገናኙም። አታስገድጃቸው፣ ጠብቂያቸው» አሉኝ።

ስንት ከሰዓት በኋላ እንደፈጀሁ እንጃ፤ አንድ ቀን ግን ሦስተኛው ማርሽ ያለ ድምፅ ሸርተት ብሎ ገባ።

«ማሻላህ!» አሉ ባባ፣ ጭናቸውን እየመቱ።

ቀና ስል ማዳም የጓሮው በር ላይ ቆማ ታየናለች። ያኔ በዚያ አገር ሴት መንዳት ክልክል ነው። አለቀልኝ ብዬ ፍሬን ያዝኩ። አባያዋን ሰብስባ መጣች፣ የመኪናዋን በር ከፈተችና፣ «ያላ፣ ጠጋ በይ፤ አሁን የእኔ ተራ ነው» አለችኝ።

ባባ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ለባሏ ምን እንዳለችው አላውቅም፤ መኪናዋ ግን ሳትሸጥ ቀረች።

ኮንትራቴ አልቆ ወደ አገሬ ስመለስ ባባ እስከ አውሮፕላን ማረፊያ ሸኙኝ።

«እንግዲህ ማን ይነዳኛል?»

«ማዳም አለች አይደል?»

«እሷማ ትቸኩላለች» አሉና ሊስቁ ሞከሩ። ሳቁ አልመጣላቸውም። እኔም አባቴን እንደምሰናበተው ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ሳምኩ።