ወደ ኋላ የሄደው ቦረቦር

ቦረቦር፣ ጎርፍ የሸረሸረው ገደል፣ ወዴት እንደሚሄድ ሲያሰላ ሃያ ዓመት የኖረ ሰው አለ። በመሬት ልኬት መሥሪያ ቤት «ጠንቋዩ» ይሉታል። የዐሥር ዓመት የሳተላይት ምስል ይደራርባል፤ የአፈሩን ዓይነት፣ የዝናቡን ልክ፣ የመሬቱን ዝንባሌ ኮምፒውተሩን ያጎርሰዋል። ኮምፒውተሩም ገደሉ በየትኛው ቀን የማንን አጥር እንደሚበላ ይተፋለታል።

ዘንድሮ የተፋው ያሳደገችውን የአክስቱን ቤት ነው። ሰባት ሳምንት ቀርቶታል።

መሥሪያ ቤቱ ደግሞ ትንበያን በልኬት ሳያረጋግጥ ትንፍሽ አይልም። ዝናብ በዘነበ ቁጥር ጠንቋዩ በገደሉ አፋፍ ላይ ችካል ይተክላል፤ በሳምንቱ አንድ ለኪ ጂፒኤስ ይዞ መጥቶ የችካሎቹን ቦታ የገደሉ አፋፍ ብሎ ይመዘግባል። ለኪው ስክሪን እንጂ መሬት አያይም። መሬት ማየትማ ለተራ ሰው ነው።

በሦስተኛው ሳምንት ጉድ ተሰማ፤ ቦረቦሩ ሠላሳ ሜትር ወደ ኋላ ሄደ! አለቃው፣ ከካርታ ቀለሙን ብቻ የሚያነብ ሰው፣ ቀዩ አረንጓዴ ሆኖ ሲያይ «ልፋታችን ፍሬ አፈራ» ብሎ ለበላይ ጻፈ። ልፋታቸው አንድ የማስጠንቀቂያ ሰሌዳ ማቆም ነበር፤ እሱንም ገደሉ በልቶታል።

ጠንቋዩ ልቡ አልረጋምና አክስቱ ዘንድ ሄደ። ችካሎቹ በሙሉ ከቦረቦሩ ማዶ ቆመዋል።

«አክስቴ፣ እነዚህን ማን አሻገራቸው?»

«እኔ ነኛ። ችካል በተከላችሁ ቁጥር ገደሉ እየተከተለ ይመጣል። ውሻን ለማራቅ አጥንቱን ማራቅ ነው።»

«የሚቦረቡረው ውኃው ነው እኮ። ካርታውን ላሳይሽ።»

«ቤቴን በቀይ የቀባውን? አሳዳጊ የበደለው እንዳልልህ አሳዳጊህ እኔ ነኝ።»

ሳይንስ ንቅንቅ ያላደረጋትን ሴት ለማንሣት ሰውየው ሳይንሱን ካደ። በነጋታው አንድ እቅፍ ችካል ይዞ ገባና በአፈሩ ወለል ላይ አልጋዋን ዙሪያውን አጠረው።

«ምን ልታደርገኝ ነው?»

«እየተከተለ ይመጣል አላልሽም? ይምጣ እንግዲህ።»

ከምሳ በፊት ጓዟን ጠቅልላ እሱ ቤት ገባች። አልጋውን ያዘች፤ የሃያ ዓመቱ ባለሙያ ሶፋ ላይ ወረደ።

ቤቷ ከተተነበየለት ቀን ሦስት ቀን ዘግይቶ ከነጣሪያው ተንሸራተተ። አለቃው «ያልተጠበቀ ክስተት» ሲል ጻፈ። ጠንቋዩ እያለከለከ መጥቶ ሲነግራት አክስቱ ከአልጋው ሳትነሣ በጣቷ ቆጠረች።

«ካልኸው ቀን ሦስት ቀን ዘገየ» አለችው። «ሦስት ቀን በገዛ ቤቴ መተኛት ስችል በዚህ በጎበጠ አልጋህ ወገቤን አስቆረጥኸኝ። ደግሞ አዋቂ ነኝ ትላለህ።»