መርፌ የመረጠችው አንቲቫይረስ

መርፌ የሚለውን ስም ያወጡላት ደንበኞቿ ናቸው። ቀጭን ስለሆነች ብቻ አይደለም። ሌላው ባለሙያ ሦስት ቀን ፈልጎ ያጣውን ብልሽት እሷ እንደ እሾህ ነቅሳ ታወጣዋለች ብለው ነው። ሠላሳ ስድስት ዓመቷ ነው። ከታላቅ ወንድሟ ጋር የኮምፒውተር ጥገና ቤት ነበራቸው፤ ቤቱ በእሱ ስም፣ ሥራው በእሷ እጅ። እሱ ከፊት ቆሞ ደንበኛ ያግባባል፤ እሷ ከኋላ ክፍል ተቀምጣ ትፈታለች፣ ትገጥማለች።

ዱላ ለእሷ እንግዳ አልነበረም። አባታቸው ቀበቶውን ከወገቡ የሚፈታው ለመኝታ ብቻ አልነበረም። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለች የቤቱን ሬዲዮ ፈታታ መልሳ ስትገጥመው አንዲት ብሎን ተረፈቻት። ለዚያች አንድ ብሎን ጀርባዋ እስኪላጥ ገረፋት። ሬዲዮው ግን ከቀድሞው ይልቅ ጥርት ብሎ ያወራ ነበር። ያን ቀን ወንድሟ በሩ ላይ ቆሞ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተመልክቷል። አላለቀሰም፤ ተው ብሎም አልገላገለ። አባትየው ሲሞት ቀበቶው አብሮት አፈር ገባ፤ እጁ ግን ለልጁ ተላለፈ።

ደንበኞቻቸው ሃያ ሰባት ነበሩ። መድኃኒት ቤት አለ፣ ማተሚያ ቤት አለ፣ የጥርስ ክሊኒክ አለ፣ የመኪና ማሠልጠኛ አለ፣ ከከተማው ዳር ደግሞ አንድ የእንጨት መሰንጠቂያ አለ። እነዚህ ሃያ ሰባት ደንበኞች አሥራ አንድ ዓይነት አንቲቫይረስ ጭነው ነበር። የክሊኒኩ ጊዜው ካለፈ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ በየማለዳው ቀይ ማስጠንቀቂያ ያወጣል፣ ተረኛዋም በየማለዳው እንደ ዝንብ እሽ ብላ ታባርረዋለች። ማተሚያ ቤቱ ለጥንቃቄ ብሎ አንድ ማሽን ላይ ሁለት ጫነ፤ ሁለቱ ቫይረሱን ትተው እርስ በርስ ሲጠባበቁ ማሽኑ ደርቆ ቀረ።

ከሁሉ የከፋው ግን ክራኩ ነበር፤ ቁልፉ ተሰብሮ ከየትም የተለቀመው ኮፒ። ይህን የሚጭነው ወንድሟ ነው። ክራኩ ሥራ እንዲጀምር መጀመሪያ የማሽኑን ጥበቃ ማጥፋት ያስፈልጋል። ወንድሟ ያጠፋል፣ ይጭናል፣ መልሶ ማብራቱን አንዳንዴ ያስታውሳል፣ አንዳንዴ ይረሳዋል። ሌባ ቀጥረህ በር እያስጠበቅክ ነው ብላዋለች አንድ ቀን። ስቆ አለፋት።

በመጨረሻ ለሁሉም ደንበኛ አንድ ዓይነት እንዲሆን ቆረጠች። ግን የቱ? በኋላ ክፍል አራት አሮጌ ኮምፒውተሮች ደረደረች። በየአንዳንዳቸው የተለያየ አንቲቫይረስ ጭና፣ የቅርቡን ማሻሻያ አስገብታ፣ ከዚያ የኢንተርኔት መስመራቸውን ቆረጠች። ባለፉት ዓመታት ከደንበኞች ፍላሽ የለቀመቻቸውን ቫይረሶች በአንድ ዲስክ አጉራ አስቀምጣ ነበር፤ ለአራቱም እኩል ለቀቀችባቸው። የትኛው እንደሚይዝ፣ የትኛው ይዞ እንደሚለቅ፣ የትኛው ደህናውን ፋይል ቫይረስ ነው ብሎ እንደሚበላ፣ ማሽኑ ተነሥቶ ለሥራ እስኪደርስ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ፣ ሁሉን በደብተር ጻፈች። አምስት ሳምንት ፈጀባት።

ብዙ ቫይረስ የያዘውን አልመረጠችም። እሱ አሮጌ ማሽን ላይ ሲጫን እንደ ደከመ አህያ ያስተኛዋል፤ ባለቤቱም ሲመረው ያጠፋዋል፤ የጠፋ ጠባቂ ደግሞ ከሌለ አይሻልም። የመረጠችው ሁለተኛ የወጣውን ነው። አይከብድም። ኢንተርኔት ሲቆራረጥ ማሻሻያውን ካቆመበት ይቀጥላል። ያለ ይለፍ ቃል ማንም አያጠፋውም። የሁሉንም ደንበኛ ማሽን ደግሞ ከአንድ ጠረጴዛ ሆና ልታይበት ትችላለች።

ደብተሩን ለወንድሟ ያሳየችው ማክሰኞ ከምሳ በኋላ ነው። ቆሞ አነበበው። አንቺ ማን ሆነሽ ነው ለሰው ሁሉ በአንድ ልክ ጫማ የምትሰፊው አላት። ከዛሬ ጀምሮ ከዚህ ቤት ክራክ አይወጣም አለችው። ማን አለ አላት።

«እኔ አልኩ።»

ጥፊው ግራ ጆሮዋ ላይ አረፈ። ከነወንበሯ ተገለበጠች። ገና ከወለሉ ሳትነሣ እሱ ወደ ጠረጴዛው ዞሮ የመጀመሪያውን ኮምፒውተር በሁለት እጁ ከፍ አድርጎ ሲሚንቶው ላይ ፈጠፈጠው። ሁለተኛውን ደገመው። የሦስተኛውን ስክሪን በጫማው ተረከዝ ረገጠው፤ ስብርባሪው ፊቷ ድረስ ተፈናጠረ። አራተኛውን ተወው፤ ደክሞት ይመስለኛል። ምርጫሽ ይኸው ብሏት ወጣ። መርፌ ከጆሮዋ የሚወርደውን ደም በእጅጌዋ ጠረገች፤ ደብተሩንም ከስብርባሪው መሃል አንሥታ አራገፈችው።

እናታቸው ያበጠ ፊቷን አይተው ምን እንደሆነ ገባቸው። ወንድምሽ እኮ ነው ልጄ፣ የወንድም ዱላ አጥንት አይሰብርም አሏት።

ከዚያ በኋላ አሥራ ስድስት ቀን ሄደ። ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የመሰንጠቂያው ጸሐፊ ኮምፒውተሯን ብትከፍት ሁሉም ነገር ተቆልፏል። የአሥራ አራት ዓመት የበርና የመስኮት ልክ፣ ንድፉ፣ ትእዛዙ፣ አንዱም አልከፈት አለ። ስክሪኑ ላይ ፋይሎቻችሁን የምትፈልጉ ከሆነ ክፈሉ የሚል ጽሑፍ ብቻ ተለጥፏል። ክራኩን እዚያ የጫነው ወንድምየው ነበር። ባለመሰንጠቂያው ደውሎ ሲጮህበት ግን አፉን ያዝ እንኳ ሳያደርግ፣ እህቴ ናት የጫነችው አለው።

ባለመሰንጠቂያው ግዙፍ ሰው ነው፤ ከቀኝ እጁ ሁለት ጣት መጋዝ በልቶበታል። በቀሩት ሦስቱ የብረት ዘንግ ጨብጦ አራት ሰዓት ላይ ደረሰ። ጸሐፊዋ ኮቱን ይዛ እየለመነች ትከተለዋለች። ገና በሩን እንዳለፈ የባንኮኒውን መስታወት በአንድ ምት አወረደው።

«መርፌ የት አለች?»

ወንድሟ ከባንኮኒው ኋላ ቆሟል። እጁን ዘርግቶ ወደ ኋላ ክፍል ጠቆመ።

መርፌ የመስታወቱን ድምፅ ሰምታ በሩ ላይ ደርሳ ነበርና ጣቱን አየችው። ብረቱ ሲወርድ ጭንቅላቷን ልታድን ቀኝ እጇን አነሣች። ክንዷ እንደ ደረቅ እንጨት ቀጭ ብሎ ተሰበረ። መጀመሪያ ሕመሙ አልተሰማትም፤ ያቺን የተዘረጋች ጣት ነበር የምታየው። ሁለተኛው ምት ትከሻዋ ላይ አርፎ ከግድግዳው ጋር አላተማት። ሦስተኛውን ሊሰነዝር ሲያነሣ ጸሐፊዋ መሃል ገባች።

«እሷ አይደለችም! የጫነው እሱ ነው። ወንበሬን ለቅቄለት አጠገቡ ቆሜ ነው የጫነው።»

ሰውየው ቆመ። ቀስ ብሎ ዞረ። ወንድሟ ወደ በሩ ሊሮጥ ሲል ኮሌታውን ያዘውና በባንኮኒው ላይ፣ በተሰበረው መስታወት ላይ ጎትቶ አሳለፈው። ጎኑን መታው። ደገመው። መንጋጋውን ሲመታው ጥርሶቹ እንደ በቆሎ ፍሬ ወለሉ ላይ ተንከባለሉ። ጎረቤት ነጋዴዎች ደጁ ላይ ተሰብስበዋል፤ የሚገባ ግን አልነበረም። ወንድሟ ደም በሞላው አፉ እህት ዓለም እያለ ይጣራ ነበር።

በሩ አጠገብ የእሳት ማጥፊያ ተሰቅሏል። መርፌ በግራ እጇ አወረደችው፤ ቀለበቱን በጥርሷ ነቀለችና ነጩን ዱቄት በሰውየው ዓይንና አፍ ውስጥ ለቀቀችው። እየሳለ ብረቱን በዕውር ድንብር ወረወረ፤ መደርደሪያውን ናደው። ባዶውን ማጥፊያ በእጀታው ይዛ ጉልበቱን መታችው። ወደቀ። ከዚያ ማጥፊያውን ከጭንቅላቱ በላይ ከፍ አድርጋ ያዘችው።

ብዙ ቆየች። ሰውየው በዱቄት ታውሮ መሬት ይዳብሳል። ማጥፊያው ወረደ፤ ግን ከጆሮው በአንድ ስንዝር ዘንበል ብሎ ነው የወረደው። የወለሉ ሸክላ ተሰነጠቀ። ራርታለት ይሁን እጇ ዝሎ፣ እሷም እስከ ዛሬ አታውቅም።

ክንዷ በብረትና በስድስት ብሎን ተያያዘ። ሰውየው ስምንት ወር ተፈረደበት። ወንድሟ ሦስት የጎን አጥንቱ ተሰብሮ፣ አምስት ጥርስ አጥቶ፣ መንጋጋው በሽቦ ታስሮ፣ እሷ ከተኛችበት አንድ ፎቅ በታች ተኝቷል። መራመድ ሲችል ወጥቶ አልጋዋ አጠገብ ተቀመጠ። መናገር ስለማይችል በወረቀት ጻፈላት፤ ጣቴ ሳላስበው ነው የተዘረጋችው ይላል። አንብባ መለሰችለት።

«አይቻታለሁ ወንድም ዓለም። አልተንቀጠቀጠችም።»

ከሆስፒታል ስትወጣ ወደ ሱቁ አልተመለሰችም። ደብተሯን፣ መፍቻዎቿንና ያቺን የተረፈች አራተኛ ኮምፒውተር ሰው ልካ አስመጣች፤ ከመድኃኒት ቤቱ በላይ ያለችውን ጠባብ ክፍል ተከራየች።

ከመፍቻዎቿ ጋር አብሮ የመጣ አንድ አሮጌ ዲስክ ነበር። ዓምና የመሰንጠቂያው ዲስክ ሊበላሽ ተቃርቦ ማንኳኳት ሲጀምር በአዲስ ለውጣ፣ አሮጌውን በወረቀት ጠቅልላ አስቀምጣው ኖሯል። ክንዷ በጀሶ ታስሮ እያለ በግራ እጇ ብሎኑን ፈትታ ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኘችው። የአሥራ ሦስት ዓመቱ ፋይል አለ፤ የጠፋው ያለፈው አሥራ አንድ ወር ብቻ ነው። ጸሐፊዋን ጠርታ ሰጠቻት። መሰንጠቂያው ከቆመ ወር ሊሞላው ነው፤ አሥራ አራት ሠራተኛ ደጁ ላይ ይውላል። እናቷ ይህን ሲሰሙ አዘኑባት። ክንድሽን ለሰበረ ሰው ደግሞ ስጦታ አሏት።

«ዲስኩ ምን አደረገኝ እማዬ?» አለች።

ከዚያ ለሃያ ሰባቱም ደንበኞች አንድ ገጽ ደብዳቤ ጻፈች። ከእኔ ጋር የምትቀጥሉ ከሆነ አንቲቫይረሳችሁ ይህ አንዱ ብቻ ነው፤ ይለፍ ቃሉ እኔ ጋ ይቀመጣል፤ ክራክ የሚፈልግ ሌላ ሰው ይፈልግ የሚል ነው። አንዳንዱ ስድብ ላከላት። የማሠልጠኛው ኃላፊ ሴት ልጅ ልታዝዘኝ ነው ብሎ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጋው። አሥራ ዘጠኙ ግን እሺ አሉ። በሦስተኛው ወር ያው ቆላፊ ቫይረስ በኢሜይል ተጠግቶ ወደ ክሊኒኩ ሲገባ፣ ዳቦዋን እየበላች ከጠረጴዛዋ ላይ ሲያዝ አየችው። ክሊኒኩ እስኪነገረው ድረስ መምጣቱንም አላወቀ።

ወንድሟ ሱቁን ዘግቶ የስልክ ሽፋን መሸጥ ጀምሯል። እሑድ እናታቸው ቤት ይገናኛሉ። እሱ በአንድ ጎኑ ያኝካል፤ እሷ በግራ እጇ ትቆርሳለች። አልታረቁም፣ አልተኳረፉምም። እጁን ወደ ውኃው ሲዘረጋ ብታይ ግን ወንበሯን ወደ ኋላ ሳብ ታደርጋለች።

ባለመሰንጠቂያው ከእስር በወጣ በሁለተኛው ሳምንት፣ ረፋዱ ላይ፣ ደረጃው ላይ ከባድ አነካሽ ኮቴ ሰማች። በሩን ሲሞላው የጋለ መበየጃ በእጇ ነበር። ተነሥታ ጫፉን ወደ እሱ አዞረችው።

«ከደጃፉ አትለፍ።»

«አላልፍም እህቴ። ለመምታት አልመጣሁም።» ባዶ እጁን አሳያት። ጸሐፊዬ ከመርፌ ሌላ ማንም ማሽኔን አይነካም ብላኛለች፣ እኔም አሰብኩበት አለ። ይቅርታ ሊጠይቅ ሲጀምር አቋረጠችው። ሁሉም ጋ ያለው አንቲቫይረስ አንተም ጋ ይጫናል፤ እኔ እዚያ ግቢ እግሬ አይረግጥም፤ አንተም እዚህ አትመጣም አለችው። ሳይመጡ እንዴት ይሆናል ብሎ ጠየቀ። ከዚሁ ሆኜ አየዋለሁ፣ ጸሐፊህ በስልክ የምላትን ታድርግ አለችው።

ራሱን ነቅንቆ ወረደ። ኮቴው እስኪጠፋ አልተቀመጠችም። ከዚያ መበየጃውን ከማሳረፊያው ላይ አስቀመጠች። ስልኩን አንሥታ ለጸሐፊዋ ደወለች፤ አሮጌውን እንዴት እንደምታጠፋ፣ አዲሱን ከየት እንደምታወርድ አንድ በአንድ ነገረቻት። አርባ ደቂቃ ያህል ፈጀባቸው። መጨረሻ ላይ መሰንጠቂያው መርፌ ስክሪን ላይ ሃያኛ ደንበኛ ሆኖ ብቅ አለ።

ጸሐፊዋ ጨረስን ወይ ብላ ጠየቀች።

«ገና ነን» አለች መርፌ። «አሁን ማሽኑን አጥፍተሽ አብሪው።»