ለላፕቶፑ በሽተኛ የመጣው ብርቱካን

አባቴ ማታ ማታ እራት እስኪቀርብ ድረስ "በሽተኛሽ ዛሬ እንዴት ዋለ?" ይለኛል። ሐኪም አይደለሁም፤ በሽተኛም የለኝም። ሥራዬ በኮምፒውተር የሒሳብ ሞዴል መሥራት ነው። በእውን የሌለ አንድ ሰው አንጎል ውስጥ አልዛይመር የሚባለው የመርሳት በሽታ ከዓመት ዓመት እንዴት እንደሚገፋ በቁጥር እከታተላለሁ።

አባቴ ጦር ኃይሎች ሰፈር ጫማ ሲሸጥ ያረጀ ነጋዴ ስለሆነ፣ ያልገባውን ነገር ዝም ብሎ አያሳልፍም። አንድ ቀን አስቀምጦኝ አስረጂኝ አለ፤ አስረዳሁት። አንደኛው ጣጣ ከወላጅ የሚወረስ ዘረመል ነው። ሌላው ብግነት ነው፤ አንጎልን የሚጠብቁት ሴሎች ቆሻሻ ሲያዩ ተቆጥተው ያጸዳሉ፣ ቁጣቸው አልበርድ ሲል ግን ደህናውን ክፍል መጉዳት ይጀምራሉ።

"ልክ እንደ እናትሽ በይኛ!" አለ። "ጽዳት ከጀመረች ደህናውንም ዕቃ አውጥታ ትጥላለች።"

እናቴ ከጓዳ ሰምታዋለች። ያን ቀን እራት ዘገየ።

ከዚያ ወዲህ አጠገቤ ተቀምጦ ማየት ለመደ። ብግነቱን ከፍ ሳደርገው የማስታወስ ችሎታን የሚያሳየው መስመር ቁልቁል ይወርዳል። "ቀንሺለት እንጂ! ምን አድርጎሽ ነው?" ይላል። ሰውዬው ሲያልቅለት ከመጀመሪያው አስጀምረዋለሁ። "ኧረ ስንት ጊዜ ነው የምታስነሺው? አልዓዛር እንኳ አንዴ ነው የተነሳው" ይለኛል።

እስቃለሁ፤ ግን ፈርቻለሁ። አባቴ ከ18 ማዞሪያ ዳቦ ገዝቶ ይገባል፣ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣል፣ ከዚያ ዳቦ ሊገዛ ይወጣል። የእሱ አባት፣ አያቴም፣ በስተርጅናው የገዛ ልጆቹን "እናንተ የማን ናችሁ?" ይላቸው ነበር። ሐኪም ቤት እንሂድ ባልኩት ቁጥር "መጀመሪያ ያንን ሰውዬሽን አድኚ" ብሎ ያመልጠኛል። እኔም ለማንም ሳልናገር የሞዴሉን ሰውዬ ዕድሜ በአባቴ ዕድሜ ሞላሁት፤ ዘረመሉንም ከአባቱ እንደወረሰ አድርጌ አስገባሁ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በራችን ተንኳኳ። የቤተ ክርስቲያናችን የጸሎት ቡድን እናቶች ብርቱካንና ሙዝ ይዘው ቆመዋል።

"ማን ታሞ?" አለች እናቴ ደንግጣ።

"ጋሼ ናቸዋ፣ 'ቤታችን በሽተኛ አለ፣ ጸልዩለት' ያሉን" አለች አንዷ።

ሁላችንም ወደ አባቴ ዞርን። እሱ በአገጩ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ላፕቶፕ አመለከተ። "ያው፣ እሱ ነው።"

እናቴ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ግን ለጥየቃ የመጣ ሰው በሽተኛውን ሳያይ አይሄድም። ምን ላድርግ? ላፕቶፑን ከፈትኩና ቁልቁል የሚወርደውን መስመር አሳየኋቸው። በዕድሜ የገፉት እናት መነጽራቸውን አድርገው ትኩር ብለው አዩትና ራሳቸውን ነቀነቁ።

"አይ፣ ጎድቶታል" አሉ። "ለመሆኑ ስንት ዓመቱ ነው?"

አባቴ ቀድሞኝ መለሰ።

"የኔ እኩያ ነው" አለ። "አባቱንም እንዲህ አድርጎት ነበር።"

ለካ አጠገቤ ሲቀመጥ መስመሩን ብቻ ሳይሆን ያስገባሁትን ቁጥር ሁሉ ያነብ ኖሯል። እናቶቹ እጃቸውን ወደ ላፕቶፑ ዘርግተው ጸለዩ፣ "ጌታ ይፈውሰው" ብለው መርቀው ሄዱ።

እናቴ ፌስታሉን አንስታ "እንግዲህ ይሄን ማን ይበላዋል? ለበሽተኛ የመጣ ነው" አለች። ለጎረቤት ልትሰጠው ነበር። አባቴ ከእጇ ተቀበላትና አንድ ብርቱካን አውጥቶ ላጠ። ተቀምጦ፣ እኛ ቆመን እያየነው፣ ቀስ ብሎ በላው። እናቴ ሶፋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች።

"ያንን ሰውዬ ሲወድቅ ከመጀመሪያው ታስጀምሪዋለሽ፣ አይደል?" አለኝ።

"አዎ፣ አባዬ።"

"እኔንስ?"

"አንተን አልችልም።" እንባዬን መያዝ አቃተኝ።

ሌላ ብርቱካን አንስቶ ለእናቴ ሰጣት። "እንግዲያው ሰኞ ሐኪም ቤት ውሰጂኝ" አለ። ከዚያ ያቺን ነገረኛ ፈገግታውን ፈገግ አለ። "ሰኞ ደግሞ 'ማን ታሞ?' ካልኩሽ፣ ብርቱካኑን ማን እንደበላው ንገሪኝ።"